መታወቂያው ላይብረሪ የቀረ ተማሪ

ተማሪን በሱሪው አውቃለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአትክልት ተራ ወደ ፒያሳ በሚያስወጣው ዳገት ላይ ልብስ ስሰፋ ኖሬ ሌላ ምን ልወቅ? ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ግን በጨርቅ በኩል ተምሬዋለሁ።

ከስድስት ኪሎ የሚመጣልኝ ሱሪ መቀመጫው አብረቅርቆና ሳስቶ፣ ጠርዙ ግን አዲስ ከሆነ ባለቤቱ ቀለሜ ነው፤ ከወንበር አይነሳም። ጉልበቱ ሣር ሣር የሚል ከሆነ ኳስ ሜዳ እንጂ ክፍል አይገባም። ኪሱ የተተረተረ ከሆነ እጁን ኪሱ ከትቶ ስለ ዓለም ሁኔታ የሚከራከር ነው፤ እንዲህ ያለው በዚያ በደርግ ዘመን እየተመናመነ ሄዶ የኪስ ሥራ ቀንሶብኝ ነበር። ፍሬሽ የሚባለው አዲስ ገቢ ደግሞ በርዝመቱ ይታወቃል። እናቱ "ያድግበታል" ብላ ያሰፋችለት ነውና ሲራመድ ሱሪውን ይረግጠዋል።

ደበሳይ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነው። የጎረቤቴ የለተክርስቶስ ልጅ ነው፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ለተክርስቶስ በልጅነቷ ከአክሱም የመጣች፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ አትክልት ተራ ሽንኩርት እያከፋፈለች ሴቷን የዳረች፣ ወንዱን ለዩኒቨርሲቲ ያበቃች ሴት ናት። ልጁ የሁለተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ሆኖ ዶርም ይኖራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልብሱን ሊያሳጥብ ይመጣል። ዓይኑ ደካማ ስለሆነ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር ያደርጋል። መነጽሩን ሲያወልቅ ከአሥር እርምጃ ወዲያ ሰውና የስልክ እንጨት አይለይም።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ የጠራ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ሱቄ መጥቶ ሲቁነጠነጥ ቆየ።

"ጋሽ ከተማ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት።"

"መቀመጫው ሄደ?"

"አይ፣ አይደለም። አራዳ የሚያስመስል ልብስ ይሥሩልኝ።"

መቀሱን አስቀምጬ አየሁት። "ማን ምን ብሎህ ነው?"

"ግቢ ውስጥ መስኮቱ ነው የሚሉኝ። ላይብረሪ ሁልጊዜ መስኮት ሥር ስለምቀመጥ። ካፌ ስገባ 'መስኮቱ መጣ' ይላሉ። ባለፈው አንዱ ብርድ ገባ ብሎ ሊዘጋኝ ሞከረ።"

ሳቄን ዋጥኩት፤ ሁሉንም ግን አልዋጥኩትም። እሱም አየኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ የክፍሉ ልጆች ፒያሳ ኬክ ቤት ሊመጡ ተቀጣጥረዋል አሉ። እሱን የጠራው የለም። ታዲያ ያሰበው፣ እነሱ በዚያ ሲያልፉ እሱ ከከረንቡላ ቤት እየተንጎማለለ ሊወጣና "እንዴ፣ እናንተም እዚህ ሰፈር ትመጣላችሁ?" ሊላቸው ነው። ንግግሩን እንኳ አጥንቶታል። መቼም ሒሳብ ተማሪ ሁሉን ነገር አስቀድሞ ነው የሚሠራው።

ሌላ ሽማግሌ ቢሆን "ተው ልጄ፣ ትምህርትህን ያዝ" ይለው ነበር። እኔ ግን ቀልድ ሲገኝ የማልፍ ሰው አይደለሁም። ባለቤቱ አሰፍቶት ሁለት ዓመት ያልመጣ አንድ ግራጫ ኮት ነበረኝ፤ ሰውየው የት እንደገባ አልጠየቅሁም፣ አይጠየቅምም ነበር። እሱን በልኩ አጠበብኩለት። ከዳሌው ሰፍቶ ከቁርጭምጭሚቱ የሚጠብ፣ ወገቡ ላይ እጥፍጥፍ ያለ ሱሪም ሠራሁለት። በቀጠሮው ቅዳሜ ጠዋት አለበስኩት፤ ጠጉሩን በቅባት አስተኛሁት። ልጁ አማረበት። እውነት ለመናገር የሠራሁት ሥራ ሁሉ እንዲህ ቢያምር እስካሁን ዳገት ላይ አልቀመጥም ነበር።

"መነጽሩንስ?" አለኝ።

"አውልቀው። መነጽር ያደረገ አራዳ አይተህ ታውቃለህ? እሱንም መጽሐፍ ተወው።"

በብብቱ የያዘው መጽሐፍ ውፍረቱ ጡብ ያህላል። ከመነጽሩ ጋር ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠልኝ። "አደራ ጋሽ ከተማ፣ መታወቂያዬ በእሱ ተይዟል።"

"እንዴት ነው የሚያዘው?"

"ይሄ መጽሐፍ ጥቂት ቅጂ ብቻ ነው ያለው። ከላይብረሪ ይዞ ለመውጣት መታወቂያ ማስያዝ አለብን። መጽሐፉ ሲመለስ መታወቂያው ይወጣል። ሰኞ ጠዋት ነው የማስገባው።"

"እንደ ቢራ ጠርሙስ ነዋ" አልኩት። ስቆ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ በእግሩ ዳበስ ዳበስ ሲያደርግ አይቻለሁ። አላስቆምኩትም።

አራት ሰዓት ተኩል ግድም ከታች ፉጨት ተሰማ፤ ቀጥሎ የሩጫ ድምፅ መጣ። የከረንቡላ ቤት ጎረምሶች በሱቄ ፊት እንደ ጎርፍ ወደ ላይ አለፉ። የሆነውን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር፤ በዚያ ሰሞን ለብሔራዊ ውትድርና ቀበሌው በየሳምንቱ ጎረምሳ ያፍስ ነበርና። አራዳ የሚባለው የታወቀ ነው፣ የአብዮት ጥበቃዎቹን ኮፍያ ከቴዎድሮስ አደባባይ ያየዋል። ሰፈሩ ጸጥ ሲል ጎረቤቴ ባለሱቁ ገብረዮሐንስ አንገቱን በበሬ አስገባ።

"ከተማ፣ ያ ጠዋት የሞሸርከው ልጅ ተይዟል።"

"ደበሳይ? እሱማ ተማሪ ነው።"

"እኔ ነኝ እንዴ የያዝኩት? መሐል መንገድ ላይ ቆሞ ነበር አሉ። ሰው ሁሉ ሲሮጥ እሱ ቆሞ ነበር።"

ሜትሬን ከአንገቴ ሳላወርድ ወደ ቀበሌ ሮጥኩ። ሊቀመንበሩን ጓድ ተስፋማርያምን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ካኪውን የምሰፋለት እኔ ነኝ። ወገቡ በሦስት ዓመት ውስጥ ስምንት ሳንቲ ሜትር ጨምሯል። ይህን ማወቅ ግን ለምንም አይጠቅምም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ አንድ ልጅ በስህተት ገብቷል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው።"

"የቱ?"

በአዳራሹ መስኮት አሳየሁት። ሠላሳ የሚሆኑ ጎረምሶች መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ደበሳይ መሐላቸው ግራጫ ኮቱን ለብሶ ዓይኑን አጨንቁሮ ግድግዳውን ያያል።

ሊቀመንበሩ ሳቀ። "ጓድ ከተማ፣ ለእኔ እንኳ እንዲህ ያለ ኮት ሰፍተህልኝ አታውቅም። ተማሪ ነው ትለኛለህ?"

"ተማሪ ነው፣ በእናቴ።"

"ተማሪማ እናውቃለን። ተማሪ ማለት ኮሌታው ያለቀ፣ ጠጉሩ ያልተበጠረ፣ መጽሐፍ የታቀፈ፣ ሰላም ስትለው የሚደነግጥ ነው። ይሄ የተያዘው ከረንቡላ ቤት ደጃፍ ነው።" ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገ። "መመሪያው ግልጽ ነው። ተማሪ የሆነ መታወቂያውን አሳይቶ ይለቀቃል። ዘጠኝ ሰዓት መኪናው ወደ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ይጭናቸዋል። ከዚያ በኋላ በእጄ አይደለም።"

ሱቄ ስመለስ ለተክርስቶስ ከነሽንኩርት አቧራዋ በሬ ላይ ቆማለች። መጽሐፉና መነጽሩ ስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጠዋል። ጀርባዬን ሰጥቼ ከለልኳቸው።

"ከተማ፣ ደበሳይ አልመጣም?"

"መጥቶ ነበር። ለጥናት ተመለሰ።"

"ቁርስ ሳይበላ?"

"ፈተና አለኝ ብሎ ቸኮለ።"

"ይሄ ልጅ በመጽሐፍ ሊሞትብኝ ነው" አለች ደስ እያላት፣ ነጠላዋን አራግፋ ሄደች። ሃያ ዓመት ጎረቤቴ ናት፤ እንዲህ ዋሽቻት አላውቅም። እሷን ስሸኝ ቆይቼ መጽሐፉን ብድግ አድርጌ ሮጥኩ።

ስድስት ኪሎ የደረስኩት በውይይት ታክሲ ነው፤ ተሳፋሪው ፊት ለፊት ተፋጦ የሚቀመጥባት መኪና ውይይት የተባለችው ሰው እንዲወያይባት ይሁን እንጂ ያን ቀን ማንም አልተነፈሰም። ያ ሁሉ ሱሪ የመጣበትን ግቢ እኔ ገብቼበት አላውቅም ነበር። ዘበኛው እጁን ዘረጋ።

"መታወቂያ።"

"መታወቂያ ለማውጣት ነው የመጣሁት።"

"መታወቂያ የሌለው አይገባም። ሰው ከፈለጉ አንዱን ተማሪ ይላኩ።"

በሩ ዳር ቆሜ የሚገባውን የሚወጣውን በሙያዬ መመዘን ጀመርኩ። ወዲያው አንድ የሚሆነኝ መጣ፤ ክርኑ የተጣፈ ሹራብ፣ መነጽር፣ መቀመጫው የሚያበራ ሱሪ። ይሄ የደበሳይ ወንድም ነው፣ ላይብረሪውን እንደ ኪሱ ያውቀዋል አልኩ።

"ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ፤ ቀበሌ የተያዘ ልጅ..."

ቀበሌ የሚለውን ሲሰማ መጽሐፎቹን አጥብቆ አቅፎ መንገዱን ተሻገረ። አልፈርድበትም። ደግሞ ሌላ ቀለሜ አስቆምኩ፤ ፈተና አለብኝ አለኝ፣ ቀና ሳይል። ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ሰዓት አልፏል። እግሬ አንድ ቦታ መቆም አቃተው።

ከጓደኞቿ ጋር የምትስቅ አንዲት ልጅ ነበረች። ጠጉሯ ተቆልሏል፣ የጆሮ ጌጧ ትከሻዋ ይደርሳል፣ ማስቲካ ታላምጣለች፣ ታኮ ጫማዋ አንድ ስንዝር ነው። ይህችማ ላይብረሪው በየት በኩል እንደሆነ አታውቅም ብዬ ዓይኔን ከእሷ ላይ አነሳሁ። እሷ ግን መጣች።

"ጋሼ፣ ሰው ጠፍቶብዎት ነው? ሲንቆራጠጡ አየሁዎት።"

መጽሐፉን አየችው። ገልበጥ አድርጋ ሳቀች። "ይሄን ለቅዳሜና እሑድ የወሰደው መስኮቱ መሆን አለበት።"

"ታውቂዋለሽ?"

"ግቢው በሙሉ ያውቀዋል። ሰው የማያውቀው እሱ ነው።"

የሆነውን ነገርኳት። ከረንቡላ ስላት "መስኮቱ? ከረንቡላ?" ብላ ልትወድቅ ደረሰች። መኪና ስላት ግን ሳቋን ከነማስቲካዋ ዋጠችው።

"ስንት ሰዓት ነው የሚሄዱት?"

"ዘጠኝ።"

ጫማዋን ከሁለቱም እግሯ አውልቃ አስያዘችኝና መጽሐፉን ታቅፋ በባዶ እግሯ ሮጠች። እኔ ስፌት አዋቂው ከተማ፣ ራሴ ላይ ሽበት፣ አንገቴ ላይ ሜትር፣ እጄ ላይ የሴት ጫማ ይዤ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ቆምኩ። ዘበኛው እያየኝ ዞር ይላል፣ እየዞረ ያየኛል። ከጫማዋ ቁጥር በስተቀር ስሟን እንኳ አላውቅም ነበር።

ግማሽ ሰዓት ቆይታ መጣች፤ እግሯ አፈር ሆኗል። መታወቂያውን ሰጥታ ጫማዋን ተቀበለች።

"ሰልፍ ነበረ። መጽሐፉ ከገባ ማን እንዳመጣው አያዩም። ዓለምጸሃይ እባላለሁ፤ ታሪክ ክፍል፣ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ላይብረሪ የምቀመጠው ከኋላው ነው። አንድም ቀን ዞሮ አያውቅም፤ ይንገሩት።"

"እነግረዋለሁ የኔ ልጅ።"

"መጀመሪያ ያስወጡት" አለችኝ።

ስመለስ ታክሲዋ አፍንጮ በርን አልፋ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆመች። መንገዱ ተዘግቷል። ወርጄ ሮጥኩ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በሩጫ የምታወቅ ሰው አልነበርኩም። ቀበሌ ስደርስ ለዘጠኝ አሥር ጉዳይ ሆኗል፤ የመኪናው ሞተር ተነሥቷል። ጎረምሶቹን በሁለት ረድፍ አቁመዋቸዋል።

ሊቀመንበሩ መታወቂያውን ተቀብሎ ፎቶግራፉን አየ። ደበሳይን አየ። እንደገና ፎቶግራፉን አየ።

"ይሄ ሌላ ልጅ ነው።"

ልክ ነበር። ፎቶግራፉ ላይ ያለው ሸሚዙን እስከ ማነቂያው ቆልፏል፤ ጠጉሩ እንደ ጃርት ቆሟል፤ ፊቱ ግማሹ መነጽር ነው። ፊት ለፊታችን የቆመው ጠጉሩ የሚያበራ፣ ኮቱ የሚያምር ጎረምሳ ነው። መነጽሩ ትዝ አለኝ። ስፌት መኪናዬ ላይ ነው። ከለተክርስቶስ ደብቄ ደብቄ እዚያው ትቼው ሮጫለሁ።

"መነጽሩ ሱቄ ነው፤ አሁን ላምጣ። አምስት ደቂቃ።"

"መኪናው አይጠብቅም። ጓድ ከተማ፣ የሰው መታወቂያ ተውሰህ ካመጣህ አንተም ትጠየቃለህ።"

"የኔ ነው" አለ ደበሳይ። "ቁጥሩን በቃሌ ልንገርዎት።" ሸመደደለት።

"ቁጥር ማንም ያጠናል።"

ያን ጊዜ ከረድፉ መሐል አንዱ ተናገረ። ቀጭን፣ ረጅም፣ የሸሚዙን እጅጌ የጠቀለለ ልጅ ነው።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ይልቀቁት። ይሄ ልጅ የኛ አይደለም።"

"አንተ ማን ነህ?"

"ዓምደሚካኤል እባላለሁ፤ የአፍንጮ በር ልጅ ነኝ። ሥራ የለኝም፣ ከረንቡላ ቤት ነው የምውለው፤ እኔ አልዋሽም። ዛሬ ጠዋት መጣና አንድ ልጫወት አለ። ኳሱን ወረወረ። ኳሱ ጠረጴዛውን ስቶ ባንኮኒው ላይ ብርጭቆ ሰበረ። እሱ 'ይቅርታ' አለ። ለብርጭቆው ነው እኮ ያለው፣ ለባለቤቱ አይደለም።"

ረድፉ ተንከተከተ።

"ከዚያ ለምን እንደሳተ ያብራራልን ጀመር። ማዕዘኑ ስንት ዲግሪ እንደነበረ። ጓድ፣ አራዳ ዲግሪ አያሰላም። አራዳ ከሳተ ይሳደባል።"

"ፋራ ነው፣ እኔም እመሰክራለሁ" አለ ሌላው።

"እኔን እርስዎ ብሎኛል" አለ ሦስተኛው። "'የእርስዎ ተራ ነው' አለኝ፤ ከተወለድኩ ሰምቼው አላውቅም።"

አብዮት ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ ሳቁ። ደበሳይ መሬት መሬት ያያል። ጆሮው እንደ በርበሬ ቀልቷል። ያ ሁሉ ሳምንት የለፋንበት ነገር በሠላሳ ምስክር እየፈረሰ ነው፤ እያንዳንዱ ምስክር ደግሞ ወደ ነፃነት ይገፋዋል። ሊቀመንበሩ ዓይኑን ጠራርጎ መታወቂያውን ደረቱ ላይ ለጠፈለት።

"ውጣ። ሁለተኛ እዚህ ሰፈር እንዲህ ለብሰህ እንዳላይህ።"

አልተንቀሳቀሰም። በእጅጌው ጎትቼ አወጣሁት። ስናልፍ ዓምደሚካኤል ቀስ ብሎ "ጋሼ" አለኝ። "አፍንጮ በር ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ የደብሪቱ ቤት ብለው ይጠይቁ። እናቴ ናት። ከሌላ ሰው እንዳትሰማ።"

ጫኗቸው። መኪናው ከቀበሌው በር ወጥቶ ወደ ታች ሲታጠፍ እኔ የማውቀውን አንድ ነገር አደረግሁ፤ ቀለድኩ።

"እንኳን ደስ ያለህ። ፋራነትህ በመንግሥት ፊት ተረጋገጠ። ዲግሪ ማለት ይሄ ነው።"

አልሳቀም። "ተመልሶ መጥቶ ነው" አለኝ።

"ማን?"

"ዓምደሚካኤል። ሲሮጡ እኔ ምን እንደሆነ አላየሁም። ፉጨት ሰማሁ እንጂ ከየት እንደሆነ አላወቅሁም። እሱ አምልጦ ነበር፤ ጥጉን ታጥፎ ነበር። ዞር ሲል እኔ ቆሜያለሁ። ተመልሶ መጥቶ ክንዴን ይዞ 'ሩጥ እንጂ አንተ ልጅ' ሲለኝ ነው ሁለታችንንም የያዙን።"

መነጽሩን አውልቀው ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን እሱ አላነሳም። እኔም ጮክ ብዬ አላነሳሁትም።

"ሱቅ እንሂድና መነጽርህን አድርግ፤ ለእናትህም ታይላት" አልኩት።

"አፍንጮ በር ነው የምሄደው።"

ሄድን። ወይዘሮ ደብሪቱ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። ጸጉሯ ነጭ ነው፤ ዕድሜዋ ግን ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ነገሩን ቀስ አድርጌ፣ ዙሪያውን እየዞርኩ ነገርኳት። ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ እንደያዘች ሰማችኝ።

"አንተ ጓደኛው ነህ?" አለችው ደበሳይን፣ ኮቱን እያየች።

"ዛሬ ነው የተዋወቅነው።"

"የኔ ልጅ ተይዞ አያውቅም። ሰፈሩ ሁሉ ሲታፈስ እሱ በአጥር ዘሎ ገብቶ ምሳ ስጪኝ ይለኛል። ከእግሩ የሚፈጥን የለም። እንዴት ያዙት?"

"ወይዘሮ ደብሪቱ፣ መቼም ጊዜው..." ብዬ ጀመርኩ።

"በኔ ነው" አለ ደበሳይ። ምንም ሳያስተርፍ ነገራት። እንዳላየ፣ እንደቆመ፣ ልጇ እንደተመለሰ፣ ከዚያም እሱ የወጣው በልጇ ምስክርነት እንደሆነ። እኔ ብሆን ግማሹን እውጠው ነበር።

አንዲት ድንጋይ ከምስሩ ለቅማ ጣለች። ሌላም ጣለች።

"ተማሪ ነህ?"

"አዎ።"

"ማመልከቻ ትጽፋለህ?"

"እጽፋለሁ።"

ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣች። የልጇን ሹራብ ከውስጥ አምጥታ ብብቷ ሥር ከትታ ቀድማን ወጣች። ሰውነቷ ትንሽ ነው፤ እርምጃዋን ግን ሁለታችንም አልደረስንባትም።

ከፍተኛው ግቢ በር ላይ ስንደርስ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። መኪናዎቹ ከአጥሩ ውስጥ ይታያሉ፤ ከየቀበሌው የመጡት ልጆች ገና እየተመዘገቡ ነው። በሩ ላይ ሃያ የሚሆኑ እናቶች ቆመዋል። ጠባቂው አንድ ቃል ብቻ ነው የሚናገረው፤ "በማመልከቻ።"

ከአንድ ሱቅ ጥቂት ወረቀት ገዛሁ። እስክሪብቶ ደበሳይ ኪስ ውስጥ ተገኘ፤ አራዳም ሆኖ እስክሪብቶውን አልተወም። ጠረጴዛ የለም። ግድግዳው ሻካራ ነው። ጎንበስ አልኩለትና ወረቀቱን ጀርባዬ ላይ ዘረጋ። አፍንጫው ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም፤ ትንፋሹ ማጅራቴን ይሞቀኛል።

"የአመልካች ስም፣ ወይዘሮ ደብሪቱ" እያለ እየጮኸ ይጽፋል። "ልጄ ዓምደሚካኤል ብቸኛ ጧሪዬ ሲሆን... ሌላ ልጅ አለዎት?"

"የለኝም።"

"ሌላ ልጅ የሌለኝ በመሆኑ..." እስክሪብቶው ጀርባዬ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የተያዘውም ለመሸሽ ሲሮጥ ሳይሆን፣ እኔን ለማዳን ተመልሶ መሆኑን እኔ ምስክሩ..."

"ተው" አልኩት እንደጎበጥኩ።

"ምኑን?"

"ስምህን ተው። አንተ በመታወቂያ ወጥተሃል፣ አልቋል። እዚህ ወረቀት ላይ ከገባህ ይጠሩሃል። እሱን ለማስወጣት ብለህ አንተ ትገባለህ።"

"ካልመሰከርኩ ምክንያቱ ምን ይሆናል? ጧሪ የለኝም ያላለች እናት አለች እዚህ?"

"እናትህስ? ለጥናት ሄደ ብያታለሁ እኮ። ቁርስ አልበላም ብላ ስትጨነቅ ነበር።"

እስክሪብቶው ቆመ። ጫፉ በሸሚዜ በኩል ከጀርባ አጥንቴ ላይ አርፏል። ወይዘሮ ደብሪቱ አጠገባችን ናት፤ ሹራቡን ይዛ የምታየው ወደ በሩ ነው፣ የምንለውን ሁሉ ግን ሰምታለች። ጻፍም አላለችው፣ ተውም አላለችው። ከዚያ እስክሪብቶው ተንቀሳቀሰ። ስሙን ጻፈ፤ አጭር ስም ናት። ቀጥሎ ቁጥር ጻፈ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... የመታወቂያው ቁጥር ነው። አንድም አልቀነሰም።

ጠባቂው ወረቀቱን በበሩ ቀዳዳ ተቀብሎ "ጠብቁ" አለና ሄደ።

መጠበቅ ለኔ አይሆንልኝም። በአጥሩ ጥግ እስከ ስልክ እንጨቱ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ደግሞ ሄድኩ። ስመለስ ደበሳይን ሁለት ሴቶች ከበውታል።

"ልጄ፣ ጽሕፈት ታውቃለህ አሉ። ለእኔም በል።"

"ለእኔም፤ የኔው የአሥራ ሰባት ዓመት ነው፣ ዕድሜው አልደረሰም።"

"ጋሽ ከተማ" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ጎንበስ አልኩ።

የመጀመሪያዋን ጻፈ። ሁለተኛዋን ጻፈ። ሦስተኛዋ አሮጊት የልጇን የትውልድ ዓመት ማስታወስ አቅቷት "ጃንሆይ ሳይወርዱ ነው፣ ብዙ ሳይወርዱ" ትለዋለች። እሱ ደግሞ "እንደ ስንት ዓመት ሳይወርዱ፣ እማማ?" እያለ ያሰላላታል። ግቢ ውስጥ መስኮቱ የሚሉት ልጅ እንዲህ ይናገራል ብዬ አላስብም ነበር። በሩ ተከፈተ።

"ደበሳይ የተባለው ምስክር ማን ነው?"

እናቶቹ ሁሉ ዞሩ። ወይዘሮ ደብሪቱ ሹራቡን አጥብቃ ያዘች።

"እኔ ነኝ" አለ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞር ብሎ "አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ እማማ፣ ዓመቱን እስክመለስ ያስቡት" አላት። እስክሪብቶውን እጇ ላይ አስቀምጦላት፣ መታወቂያውን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ፣ በእግሩ መሬቱን እየዳበሰ ወደ በሩ ሄደ። ቀና ብዬ ላየው ፈለግሁ። የሴትየዋ ወረቀት ግን ጀርባዬ ላይ ነበርና ቀና ማለት አልቻልኩም።